የአረጋውያን ኮሌስትሮል፦ «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ዓመት ቆየ?»

አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል። «ምን እየበሉ ነው?» ሰውየው ግን ቅባት ከተዉ ቆይተዋል። በየቀኑ ይራመዳሉ። ሸንቃጣ ናቸው። እኩያቸው የሆኑ ሌላ ሰው ደግሞ ያሻቸውን እየበሉ ውጤታቸው ጤናማ ነው። ይህን ያየ ሰው ወይ ላብራቶሪውን ይጠራጠራል፣ ወይ «ተደብቀው እየበሉ ነው» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ልዩነቱ የመጣው ከእናትና ከአባታቸው ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ከጉበት ይጀምራል። በሰውነታችን ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነታችን ራሱ ነው። ከምግብ የሚገባው አነስተኛው ድርሻ ነው። ጉበት ምን ያህል ያመርታል? አንጀትስ ምን ያህል ይመጥጣል? በደም ውስጥ የሚዞረው በምን ፍጥነት ይጠረጋል? እያንዳንዱን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲኖቹ የሚሠሩበት መመሪያ ያለው ደግሞ ዘረመል ውስጥ ነው። በዚያ መመሪያ ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ አንዱ ሰው ጋ ጠረጋው ይፈጥናል፣ ሌላው ጋ ይዘገያል።

ከዚህ በኋላ በብዛት የማነሳው ኤል.ዲ.ኤል የሚባለውን ነው። ብዙ ሰው «መጥፎው ኮሌስትሮል» ይለዋል። ወደ ደም ሥር ግድግዳ እየገባ የሚጠራቀመውና ቧንቧውን የሚያጠበው እሱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የዘረመል ድርሻ ምን ያህል ነው? ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ የቆየ መንገድ አላቸው። መንትዮችን ያወዳድራሉ። በጥቅሉ ሲታይ በሰዎች መካከል ካለው የኤል.ዲ.ኤል ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘረመል ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ከኮሌስትሮሌ ግማሹ ከወላጆቼ፣ ግማሹ ከምግቤ መጣ» ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ሰው ከሰው ለምን እንደሚለያይ ብቻ ነው። የአንድን ሰው ደም ለሁለት አይከፍልም።

በ1993 ስዊድን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ተሳታፊዎቹ ሁሉም ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ መንትዮች ናቸው። ከእነሱ መካከል በልጅነታቸው ተለያይተው በተለያየ ቤት ያደጉም ነበሩ። በተለያየ ቤት ማደጋቸው በደም ስባቸው ላይ ያለውን መመሳሰል አላጠፋውም። ግን ሌላም ነገር ታየ። ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ ዓይነት) እና አፖ ቢ (ኤል.ዲ.ኤልን የሚሸከመው ፕሮቲን) በሚባሉት ልኬቶች ላይ የዘረመል ድርሻ በዕድሜ የበለጠ በገፉት ዘንድ አንሶ ተገኘ። አያስገርምም። ሰው ብዙ በኖረ ቁጥር በሽታው፣ መድኃኒቱ፣ እንቅስቃሴው፣ ክብደቱ እየተደራረበ ይመጣል። ጂኑ ባይለወጥም ብቻውን አይናገርም።

ዘረመል ኮሌስትሮልን እንዴት እንደሚቆጣጠር በግልጽ ያሳዩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። በ1970ዎቹ ቴክሳስ፣ ዳላስ ውስጥ ይሠሩ ነበር። የያዙት ጉዳይ ከባድ ነው። ገና በልጅነታቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚይዛቸው ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ሐኪሞች በሴሎቻችን ገጽ ላይ ኤል.ዲ.ኤልን ከደም ውስጥ እንደ እጅ እየለቀሙ የሚያስገቡ ተቀባዮች እንዳሉ ደረሱበት። የልጆቹ ሴሎች ላይ እነዚህ ተቀባዮች ወይ የሉም፣ ወይ አይሠሩም። ለቃሚ ያጣው ኤል.ዲ.ኤል ደም ውስጥ እየዞረ ይቀራል። ለዚህ ግኝት በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ልጆች በጣም ጥቂት ናቸው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሱት ግን ብዙ ናቸው፤ ከ250 ሰዎች አንድ ገደማ። ይህ በቤተሰብ የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። አብዛኞቹ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። አንዳንዶቹ 60 እና 70 ዓመት ሞልቷቸው፣ ቁጥሩ «ዕድሜ ያመጣው ነው» ተብሎ ታልፎላቸው ይቀመጣሉ።

እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ነው።

በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ከፍተኛ ኮሌስትሮል የሚወርሱ ቤተሰቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ፒሲኤስኬ9 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ አገኙ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን አንድ ሥራ አለው። የኤል.ዲ.ኤል ተቀባዮቹን ይዞ እንዲፈርሱ ያደርጋል። የቤተሰቦቹ ፕሮቲን ከሚገባው በላይ ይሠራል። ስለዚህ ተቀባይ ያንሳል፣ ኤል.ዲ.ኤል ይከመራል። ዳላስ ያሉት ጆናታን ኮኸንና ሄለን ሆብስ ደግሞ ጥያቄውን ገለበጡት። ይህ ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች ቢኖሩስ? ተቀባያቸው ይበዛል፣ ኤል.ዲ.ኤላቸው ይወርዳል ማለት ነው። ፈለጉና አገኙ። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል 2 በመቶ ያህሉ የጂኑን አንድ ቅጂ ከሥራ ውጪ የሚያደርግ ለውጥ ነበራቸው።

በ2006 ያወጡት ውጤት ዛሬም ድረስ ደጋግሞ የሚጠቀስ ነው። እነዚህ ሰዎች ኤል.ዲ.ኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። በ15 ዓመት ክትትል ውስጥ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ አነሰ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 28 እና 88። ኤል.ዲ.ኤልን በ28 በመቶ ማውረድ በመድኃኒት የሚቻል ነው። ብዙ ሰው ስታቲን በሚባለው ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒት ከዚያም በላይ ያወርዳል። ግን በ60 ዓመቱ ስታቲን የጀመረ ሰው አደጋው በ88 በመቶ አይቀንስለትም። ለምን? መድኃኒቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጂኑ ሥራውን የጀመረው ከተወለዱበት ቀን ስለሆነ ነው። ሰውየው 60 ዓመት ሲሞላው የደም ሥሩ 60 ዓመት ሙሉ ዝቅ ያለ ኤል.ዲ.ኤል አይቷል። መድኃኒቱን በ60 የጀመረው ሰው ደም ሥር ግን ከዚያ በፊት የተጠራቀመውን ይዞ ነው የሚጀምረው።

ይህን በሌላ አቅጣጫ ያረጋገጠ ትንታኔ በ2012 ወጣ። በዘረመል ምክንያት ኤል.ዲ.ኤላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝቅ ብሎ የኖረ ሰዎችን ተመለከተ። በየ1 ሚሊሞል በሊትር ቅናሽ፣ ማለትም በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ፣ የልብ ደም ሥር በሽታ አደጋው ከግማሽ በላይ ይቀንስ ነበር። በስታቲን ሙከራዎች ላይ ያንኑ ያህል ቅናሽ የሚያስገኘው ጥቅም ከ20 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ያው ቅናሽ፣ የተለያየ የዓመት ብዛት።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ሁለት ሰዎች እንውሰድ። ሁለቱም ኤል.ዲ.ኤላቸው 190 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ወረቀታቸው ላይ ልዩነት የለም። አንዱ ግን በቤተሰብ የሚወረሰው ጉድለት አለበት፣ ሌላው የለበትም። በ2016 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎችን ኤል.ዲ.ኤላቸው ከ130 በታች ከሆነና ጉድለቱ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አወዳደረ። ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ጉድለቱ የሌለባቸው ሰዎች በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋ 6 እጥፍ ነበር። ጉድለቱ ያለባቸው ግን 22 እጥፍ። ጂኑ ያለበት ሰው ያንን ከፍተኛ ቁጥር የተሸከመው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ሌላው ምናልባት ከጎልማሳነት በኋላ ነው የወጣበት።

እንግዲህ በዕድሜ የገፋ ሰው የምርመራ ወረቀት ላይ የሌለው ትልቁ መረጃ ይህ ነው። ወረቀቱ ዛሬ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ስንት ዓመት እንደቆየ አይናገርም። ወላጆችንና ወንድም እህትን መጠየቅ፣ የድሮ ውጤቶችን ማገላበጥ ወይም ሲያስፈልግ የዘረመል ምርመራ ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ጉልህ ለውጦች ናቸው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ኮሌስትሮሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ግን ሌሎች ናቸው። በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ኤፖኢ የተባለው ጂን ነው። 19ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በሰዎች ዘንድ የተለመዱ ሦስት ዓይነቶች አሉት፤ ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ፕሮቲኑ ከ299 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። ልዩነቱ ያለው 112ኛው እና 158ኛው ቦታ ላይ ብቻ ነው። በሁለቱም ቦታ አርጂኒን ካለ ኢ4 ይሆናል። በሁለቱም ቦታ ሲስቲን ካለ ኢ2 ይሆናል። በ112 ሲስቲን፣ በ158 አርጂኒን ከሆነ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ኢ3 ነው።

ከ299 በሁለት ቦታ። ግን ኤል.ዲ.ኤል ላይ ያለው ለውጥ በደም ምርመራ የሚታይ ነው። ኢ4 ያለበት ሰው በአማካይ ኤል.ዲ.ኤሉ ከፍ ይላል። ኢ2 ያለበት ዝቅ ይላል። ኢ4 በስብ የበለጸጉትን ቅንጣቶች ቶሎ ወደ ጉበት ያስገባል። ጉበት ኮሌስትሮል ሲሞላለት «በቃኝ» ብሎ ተቀባዮቹን ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ኤል.ዲ.ኤል ደም ውስጥ ይቆያል። ኢ2 ደግሞ ተቀባይ ላይ በደንብ አይጣበቅም። ጉበቱ ኮሌስትሮል ስለሚያጥረው ተቀባይ ያበዛል፣ ኤል.ዲ.ኤሉም ይወርዳል። ይሁን እንጂ ኢ2ን ከሁለቱም ወላጅ ከወረሱት መካከል ጥቂቶቹ ሌላ ዓይነት የስብ መዛባት ይገጥማቸዋል። በተለይ የስኳር በሽታ ወይም ውፍረት ሲጨመርበት።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ኤፖኢ ሌላም ትርጉም አለው። በ1994 ፈረንሳይ ውስጥ 100 ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች ኢ4 በእነሱ ዘንድ ከወጣቶቹ ያነሰ፣ ኢ2 ደግሞ የበዛ ሆኖ አገኙት። ኢ4 የአልዛይመር በሽታ ተጋላጭነትንም ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሰው «ለኮሌስትሮሌ ብዬ» የዘረመል ምርመራ አድርጎ ያልጠየቀውን ዜና ሊሰማ ይችላል። ከምርመራው በፊት ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በተለይ ለአረጋዊ ወላጃቸው ሳይነግሩ ምርመራ የሚያዙ ልጆች ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ከኤፖኢ ሌላ እያንዳንዳቸው በጣም ትንሽ የሚገፉ ብዙ ልዩነቶች አሉ። በ2021 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት የ1.65 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ ከ900 በላይ የዘረመል ሥፍራዎች ከደም ስብ ጋር እንደሚያያዙ አሳየ። አንዱ ብቻውን እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ብዙዎቹ አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ ግን በቤተሰብ የሚወረሰውን በሽታ የሚመስል ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ። የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጉድለት አብዛኛው መረጃ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች መሰብሰቡ ነው። በእነሱ መረጃ የተሠራ የዘረመል ነጥብ (የብዙ ትንንሽ ልዩነቶችን ግፊት ደምሮ የሚሰላ ቁጥር) ለአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ሲሰላ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። የሚያስቆጨው ደግሞ የፒሲኤስኬ9ን ምስጢር የገለጠው የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተገኘ ለውጥ መሆኑ ነው። ከዚያ ግኝት የተወለዱት ኤቮሎኩማብና አሊሮኩማብ የተባሉ መርፌዎች በ2015 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣሉ።

አሁን ወደ ዕድሜ ራሱ ልመለስ። ኤል.ዲ.ኤል ከወጣትነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቋረጥ ጎላ ብሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም ኢስትሮጅን የጉበት ተቀባዮችን ያግዝ ነበር። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በአማካይ መውረድ ይጀምራል። ይህ መውረድ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከፊሉ ምክንያት ከፍተኛ ቁጥር የነበራቸው ብዙዎቹ ቀድመው ማለፋቸው ነው። ከፊሉ ደግሞ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ክብደት መቀነስ ነው። ካንሰርና ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ኮሌስትሮልን ያወርዳሉ። ስለዚህ የ80 ዓመት ሰው ያለ መድኃኒት ቁጥራቸው በድንገት ቢወርድ እልል የሚባልበት ሳይሆን ምክንያቱ የሚጠየቅበት ነው። በአንጻሩ በድንገት ቢወጣ የታይሮይድ ዕጢ ድክመት መመርመር አለበት። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

«ለሽማግሌ ኮሌስትሮል ይጠቅማል» የሚለው ወሬ የመጣውም ከዚሁ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ዝቅተኛ ኮሌስትሮል ያላቸው አረጋውያን ቶሎ እንደሚሞቱ ያሳያሉ። ነገር ግን ኮሌስትሮላቸውን ያወረደው የሚገድላቸው በሽታ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ዘረመል ጥሩ መሣሪያ ነው። ጂናችን የተወሰነው ስንጸነስ ነው። በ80 ዓመት የመጣ በሽታ ሊለውጠው አይችልም። በ2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ኤል.ዲ.ኤልን ከፍ የሚያደርጉ ጂኖች የበዙባቸው ሰዎች በጣም አርጅተው እንኳ የመሞት አደጋቸው ከፍ ያለ እንደሆነ አገኘ። ወሬውን ለማመን የሚያበቃ ነገር በጂኖቹ ውስጥ አልተገኘም።

አንድ ሌላ ልኬት አለ። ብዙ ጊዜ አይታዘዝም። ሊፖፕሮቲን ኤ ይባላል። በ1963 ኖርዌያዊው ኮሬ በርግ ነው ያገኘው። ኤል.ዲ.ኤልን ይመስላል፤ ተጨማሪ ፕሮቲን ግን ተለጥፎበታል። መጠኑን ከሞላ ጎደል የሚወስነው ኤልፒኤ የተባለው ጂን ነው። አመጋገብ እምብዛም አይለውጠውም። ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ከፍ ያለ መጠን አለው። የተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ለብቻው አያሳየውም። ለአረጋውያን ይበልጥ የሚያሳስበው የልብን የደም መውጫ በር ከማጥበብ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። መልካሙ ነገር መጠኑ በዕድሜ ብዙ ስለማይዋዥቅ በሕይወት ዘመን አንዴ መለካት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። አንድ አዛውንት ሳይለኩት ከቆዩ አሁንም አልረፈደም።

ዘረመል መድኃኒቱ ላይም እጁ አለበት። ስታቲን የሚወስዱ አረጋውያን ጡንቻቸውን ሲያማቸው «እርጅና ነው» መባሉ የተለመደ ነው። አንዳንዱ እውነትም እርጅና ነው። አንዳንዱ ግን ኤስኤልሲኦ1ቢ1 ከሚባለው ጂን ጋር ይያያዛል። ይህ ጂን ስታቲንን ከደም ወደ ጉበት የሚያስገባውን ፕሮቲን ይሠራል። ሲደክም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል። በ2008 ይህ የታየው ሲምቫስታቲንን በቀን 80 ሚሊግራም በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መጣል አይደለም። መጠኑን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ የስታቲን ዓይነት መቀየር ስለሚቻል ሐኪሙን ማነጋገር ነው።

ከ75 ዓመት በላይ ሆነው የልብ ሕመምም ስትሮክም ይዟቸው የማያውቅ ሰዎች ስታቲን ይጀምሩ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ለየት ይላል። በቀደሙት ሙከራዎች ውስጥ የተካተቱት በዚህ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። አውስትራሊያ ውስጥ ስታሪ፣ አሜሪካ ውስጥ ፕሪቬንተብል የተባሉት ትልልቅ ሙከራዎች የተነደፉት ለዚሁ ነው። ውሳኔው በሰውየው ጤንነት፣ በሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶችና በፍላጎታቸው ላይ ይመሠረታል። የቤተሰብ ታሪካቸው ከባድ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ማከም ያደላል ብዬ አምናለሁ።

ታሪክ ስል ምን ማለቴ ነው? ሐኪም ዘንድ ሲኬድ «አባቴ ልባቸውን ያማቸው ነበር» ማለት አይበቃም። በስንት ዓመታቸው? ወንድ ከሆኑ ከ55፣ ሴት ከሆኑ ከ65 በፊት ከነበረ ሐኪሙ በቤተሰብ የሚወረሰውን ዓይነት ሊጠረጥር ይገባል። በጅማት ላይ፣ በተለይ ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ላይ የሚወጣ እብጠትም ሌላ ምልክት ነው።

የአንድ አዛውንት ውጤት በእሳቸው ብቻ የማያበቃውም ለዚህ ነው። ጉድለቱ አንድ ወላጅ ላይ ከተገኘ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በ70 ዓመታቸው የታወቀላቸው እናት ልጆቻቸውን በ45፣ የልጅ ልጆቻቸውን በ12 ዓመታቸው ማስመርመር ይችላሉ። ምርመራው ከቀላል የደም ልኬት ይጀምራል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያመጣ በ2019 ታትሟል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህ ጉድለት ያለባቸው 214 ልጆች ስታቲን ጀምረው 20 ዓመት ተከታተሏቸው። ከዚያ ከራሳቸው ወላጆች ጋር አወዳደሯቸው፤ ያንኑ ጂን ካወረሷቸው፣ ግን በወጣትነታቸው ሕክምናውን ካላገኙት። 39 ዓመት ሳይሞላቸው የልብና የደም ሥር ችግር የገጠማቸው ወላጆች 26 በመቶ ነበሩ። ልጆቹ 1 በመቶ። በዚያ ዕድሜ ከወላጆቹ 7 በመቶው በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። ከልጆቹ አንድም አልሞተም።